አየርላንድ ውስጥ የጠፋችው ዝይ

ወሬ አልወድም ነበር። የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይስቁብኛል፤ ግን እውነቴን ነው። መርካቶ ተወልጄ ነው ያደግሁት። ጎረቤቱ ሁሉ በር ላይ ተሰብስቦ ሲያወራ፣ እኔ «ሥራ የላችሁም እንዴ?» እያልኩ የማልፍ ልጅ ነበርኩ። እናቴ «ይቺን ልጅ ማን ደፍሮ ያገባት ይሆን?» ትል ነበር። እስካሁንም የደፈረ የለም።

ጁባ የሄድኩት አጎቴ ጋ ልሠራ ነው። አትላባራ በሚባለው ሰፈር የዱቄትና የዘይት ጅምላ መሸጫ ነበረው። ስድስት ወር እንደ ምንም ሠራሁ። አንድ ቀን ደንበኞቹ ከረጢት ላይ ተቀምጠው፣ ሻይ አስመጥተው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያወሩ ቢያቅለሸልሸኝ «የማትገዙ ከሆነ ቦታ ልቀቁ» አልኳቸው። አጎቴ የዚያን ቀን ማታ «ሰሚራ፣ አንቺን መቅጠር ሰው የማይደርስበት ክፍል ውስጥ ነው» አለኝ። በንዴት የተናገረው ነገር በወሩ ደረሰ። «ጁባ ና ባሪ» በሚባለው ሰፈር የሚገኝ፣ የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር አንድ የእርዳታ ድርጅት የመገናኛ ራዲዮ ሠራተኛ ፈልጎ ነበርና ገባሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ በየሰዓቱ መስክ ላይ ያሉትን ሠራተኞች አንድ በአንድ በእጅ ራዲዮዎቻቸው እጠራለሁ። «ጁልዬት ሰባት፣ ጁልዬት ቤዝ፣ ራዲዮ ቼክ» እላለሁ፤ ጁልዬት ሰባት የተጠሪው መለያ ነው፣ ጁልዬት ቤዝ የኔ። «ላውድ ኤንድ ክሊር» ይሉኛል፤ ጥርት ብሎ ይሰማል ማለት ነው። አለቀ። ሰሌዳው ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ሕጉ ግልጽ ነው፦ በእንግሊዝኛ ብቻ፣ በአጭሩ፣ የሰውም የቦታም ስም ሳይጠራ። ወሬ የተከለከለበት ሥራ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ሕጉን ከጻፉት ሰዎች በላይ ጠበቅሁት። አንዱ ሾፌር «ሰሚ እንዴት አደርሽ?» ካለኝ «ቻናሉን ልቀቅ» ነው መልሴ። ንግግሬን ሁሉ በ«ኦቨር» ስለምዘጋ ከኋላዬ «ወይዘሮ ኦቨር» ብለው ሲጠሩኝ እሰማ ነበር፤ ደስም ይለኝ ነበር።

አለቃችን ኦርላ ትባላለች። አየርላንዳዊት ናት፣ ሃምሳን ያለፈች የውሃ መሐንዲስ፣ ፊቷ በጁባ ፀሐይ ቀልቶ የቀረ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሲሆን ቢሮዋን ትዘጋና በኮምፒውተሯ የአገሯን ራዲዮ ትሰማለች። ሰዎች እየደወሉ የሚያወሩበት ዝግጅት ነው። ስለ ግብርም፣ ስለ ሆስፒታልም፣ ስለ ማንኛውም ነገር። አንድ ቀን «ዛሬ ስለ ምንድን ነው?» ብላት «ሰው ቤት ሄደሽ ሳህኑ ላይ የቀረችውን የመጨረሻዋን ብስኩት ማንሳት ነውር ነው ወይስ አይደለም ነው» አለችኝ። ለአንድ ሰዓት አገር ሙሉ በዚህ ይከራከራል።

«ችግር የሌለበት ሕዝብ» አልኳት፤ መቼም አፌ አያርፍም።

ሳቀች። «ችግርማ ነበረን። ያኔም እናወራ ነበር» አለችኝ።

ጋትሉዋክን ደግሞ እወቁት። ጋት ነው የምንለው። የመጋዘን ሠራተኛችን ነው፤ ኑዌር ነው፤ ግን ጋምቤላ ጀምሮ ጉለሌ የጨረሰ ልጅ ነው፤ አማርኛው ከእኔ አማርኛ ይበልጣል። ጉለሌ ስላደገ የወንድሞቹ ግንባር ላይ የተተለተሉት የኑዌር ምልክት መስመሮች እሱ ግንባር ላይ የሉም። ይህን የምነግራችሁ ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

በኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 2006 ነው። እሑድ ማታ ከተማው ውስጥ ተኩስ ተጀመረ። እኔና ኦርላ የምናድረው እዚያው የድርጅቱ ግቢ ስለነበር ወለል ላይ ተኝተን ነጋ። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ራዲዮ ክፍሌ ገብቼ መጥራት ጀመርኩ። ስልክ የሚባል ነገር ጠፍቷል፤ የቀረን ይኸው ራዲዮ ነው። አንድ በአንድ መለሱ። ጁልዬት ሰባት አልመለሰም። ጋት ነው። እሑድ ከኡጋንዳ የሚመጣ የቧንቧ ጭነት ሊረከብ ጀበል ኩጁር ከሚባለው ተራራ ሥር ወዳለው መጋዘናችን ሄዶ፣ መኪናው ሲዘገይ እዚያው አድሯል።

በሦስተኛው ጥሪ መለሰ። በሹክሹክታ ነው።

«ሰሚ፣ እኔ ነኝ።»

«በእንግሊዝኛ» አልኩት። አያችሁልኝ? ከተማው እየተቃጠለ እኔ ሕግ አስከብራለሁ።

«ሰሚ፣ በእናትሽ። ውጭ ያሉት እንግሊዝኛ ይሰማሉ። ራዲዮም ይዘዋል። አማርኛ ግን ማን ይሰማል?»

እውነቱን ነው አልኩ በልቤ። ሕጉን ለመጀመሪያ ጊዜ ጣስኩት። «የት ነህ በትክክል?»

«ሰማያዊው በር ያለው ግቢያችን። የቧንቧው ኮንቴይነር ውስጥ ነኝ፤ በሩን ከውስጥ በቧንቧ ቀርቅሬዋለሁ። ዘበኛው ሄዷል። ወታደሮች በየቤቱ እየገቡ ሰውን ያናግራሉ። አነጋገሩን ሰምተው ኑዌር መሆኑን ሲያውቁ ይወስዱታል። የጎረቤቱን ልጅ ወሰዱት፤ ተኩሱን ሰማሁ። ሰሚ፣ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች ግቢ ከዚህ በእግር ግማሽ ሰዓት ነው። ልሩጥ?»

ኦርላ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ ያለውን ተረጎምኩላት። ከሌሎች ድርጅቶች የሰማችውን ታውቃለች፤ በዚያ መንገድ ላይ ኬላ ቆሟል፣ ያለፈ ኑዌር የለም። መኪና መላክም አይቻልም፤ ከግቢያችን በር ፊት ታንክ ቆሟል። አይሆንም ብላ ጭንቅላቷን ነቀነቀችብኝ።

«አትውጣ» አልኩት። «መኪና ይዘን እስክንመጣ ከዚያ እንዳትወጣ።»

«መቼ ነው የምትመጡት?»

አላወቅሁም። «ኦቨር» አልኩ።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ጋት ካልወጣ የመትረፍ ዕድል አለው፤ ከወጣ የለውም። እሱ ኮንቴይነር ውስጥ ታስሯል፣ እኔ ራዲዮ ክፍል ውስጥ። መሐላችን ያለው ክር ደግሞ የእሱ ባትሪ ነው፤ አንድ የተገጠመ፣ አንድ ትርፍ። የታኅሣሥ የጁባ ፀሐይ ብረት ሳጥን ላይ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሸሚዙን ውሃ ነክሮ ጭንቅላቱ ላይ እያደረገ ነበር የሚውለው። አንድ ጀሪካን ውሃና ግማሽ ካርቶን ብስኩት ነበረው።

ሰኞ አሥር ሰዓት ገደማ ራሱ ጠራኝ። ድምፁ ተለውጧል። «ልወጣ ነው» አለ። «እዚህ ውስጥ እየተቀቀልኩ ከምሞት ሮጬ ልሙት። ቻው ሰሚ።»

«ጋት፣ ቆይ» አልኩ። ከዚያስ? ከዚያ ምን ይባላል? ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰውን ዝም ማሰኘት ነው የተማርኩት። አንድን ሰው በቃላት ይዞ ማቆየት አላውቅም።

ኦርላ የጄኔሬተሩን ነዳጅ ለመቆጠብ ኢንተርኔቱን በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ነበር የምታበራው። ያቺን ሰዓት መልእክት ለመላክ ትጠቀምባታለች፤ መልእክቱ እየሄደ ያ የአገሯ ዝግጅት ከጎኑ ያወራል። በሩ ክፍት ነበር። አንዲት ሴትዮ እየሳቀች ስትናገር ይሰማኛል።

«እሱን ንገሪው» አለችኝ ኦርላ።

«ምኑን?»

«ይህን። ሴትየዋ የምትለውን።»

አፈርኩባትም ተናደድኩባትም። ሰው ሊሞት ነው፣ እሷ ስለ ራዲዮ ታወራለች። ግን ሌላ የምለው አልነበረኝም። ኦርላ እየደጋገመች ነገረችኝ፣ እኔም ቁልፉን ተጭኜ በአማርኛ ጀመርኩ።

«ጋት፣ ስማ። አየርላንድ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ልባሽ ጨርቅ ተራ ሄዳ ለባሏ ካፖርት ገዛች። ቤት ወስዳ ኪሱን ስትፈትሽ ሰው ሠራሽ ጥርስ አገኘች። ሙሉ ጥርስ፣ የላዩም የታቹም።»

ዝም አለ። ሄደ ብዬ የራዲዮውን ድምፅ ጨመርኩ።

«ከዚያስ?» አለ።

«ከዚያ ባልየው ለጨዋታ አጠለቀው፤ ልክክ አለ። አሁን የራሱን ትቶ በሱ ነው የሚበላው። ሴትየዋ የምትጠይቀው፣ ባለቤቱን ፈልጌ ልመልስ ወይስ ካፖርቱን ስገዛ አብሬ ገዝቼዋለሁ ነው።»

«አንቺ ትቀልጃለሽ» አለ ጋት።

«ወላሂ አልቀልድም። አገር ሙሉ እየደወለ ነው።»

ከኮንቴይነሩ ውስጥ የታፈነ ድምፅ ሰማሁ። እያለቀሰ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቀ ነው። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ነው የሚስቀው። «መመለስ የለባትም» አለ በመጨረሻ። «ሰውየው ካፖርቱን ሲሸጥ ኪሱን መፈተሽ ነበረበት።» አልወጣም።

ጥርሱ እንዳለቀ ሌላ ሴትዮ ደወለች። ይቺ ደግሞ ለገና በዓል የሚታረድ ዝይ ገዝታ ጓሮ ስታቀልብ፣ ልጆቿ ማርጋሬት ብለው ስም አወጡላት። ስም ከወጣላት በኋላ ማን ያርዳት? ባልየው ቅዳሜ ላርድ ብሎ ቢላ አስሎ ሲነሣ ማርጋሬት የለችም። ሴትየዋ ሕዝቡ እንዲፈልግላት ትለምናለች። አዘጋጁም እንደ ትልቅ ሰው መጥፋት ቆጥሮት፣ ቁመቷን፣ አረማመዷን፣ በየትኛው እግሯ እንደምታነክስ ይጠይቃታል። ወዲያው አንድ የሚያስለው ሽማግሌ ደወለ፤ ጎረቤት ነው። ድልድዩ ላይ ወደ ሰሜን ስትሄድ አይቻታለሁ አለ።

ይህን ሁሉ ለጋት ነገርኩት። «ነገ ከተገኘች ንገሪኝ» አለኝ። ነገ የሚባል ነገር አሰበ ማለት ነው። እኔም ሰሌዳው ላይ ምልክት አደረግሁ።

ማክሰኞ ከጠዋት ጀምሮ በየሰዓቱ ጠራሁት፤ አጭር ነበር፣ ባትሪውን ለአሥር ሰዓት እናስቀምጣለን። ሰባት ሰዓት ላይ አልመለሰም። ስምንትም አልመለሰም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ግቢው ውስጥ ገብተው ነበር» አለ በትንፋሽ። «ኮንቴይነሩን በጠብመንጃ አፈሙዝ መቱት። ከዚያ ሄዱ። ሰሚ፣ ሱሪዬ ላይ ሸናሁ።»

«እኔም ብሆን እሸናለሁ» አልኩት።

አሥር ሰዓት ላይ ዝይዋ አልተገኘችም። አንዱ ጉዞ ላይ ያለ ሰው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተሰልፋ አየኋት ብሎ ማለ። ሽማግሌው ደግሞ እንደገና ደወለ፤ ድልድዩ ላይ ሳይሆን ራቅ ያለ የቤተ ክርስቲያን መቃብር ውስጥ ሣር ስትግጥ አይቻታለሁ አለ። ጋት ጠረጠረው። «ይሄ ሽማግሌ ሥራ የለውም እንዴ?» አለ፤ ጥያቄው የኔ ስለነበር ደነገጥኩ።

ረቡዕ ታንኩ ከበራችን ተነሣ፤ ግን መንገዱ ገና አልተከፈተም። ጋት የመጨረሻውን ባትሪ ገጥሟል። ውሃው አልቋል። አሥር ሰዓት ላይ ኦርላ ኢንተርኔቱን ከፈተች፤ ሴትየዋ ደወለች፤ ልጆቹ በዓሉ ይቅርብን ብለው አምፀዋል። ሽማግሌው ለሦስተኛ ጊዜ ደወለ፤ አሁን ደግሞ ወደ ባሕር የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍራ አይቻታለሁ አለ። አዘጋጁ «ጌታዬ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት» ሲል ኢንተርኔቱ ድርግም አለ። ኦርላ ወጥታ ዲሹን አየችው፤ ገመዱ በጥይት ተበጥሷል።

ያለኝን ለጋት ነገርኩት። «አዘጋጁ ምን ሊጠይቀው ነበር መሰለህ?» ብዬ ቁልፉን ለቀቅሁ። ራዲዮው ትንሽ ሰሰሰሰ አለና ድምፅ መጣ።

«ዝይዋስ? ተገኘች?»

የጋት ድምፅ አልነበረም።

ወፍራም ነው፣ የጎልማሳ ሰው፤ አማርኛውን ቃል በቃል እየረገጠ የሚናገር። ማይኩ ከእጄ ወደቀ። ኦርላ ፊቴን አይታ ተነሣች።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አለ ድምፁ። «ከሰኞ ጀምሮ እየሰማኋችሁ ነው። ጥርሱንም ሰምቻለሁ።»

«ማን ነዎት?» አልኩ እንደ ምንም።

«ኢታንግ ነው ያደግሁት፣ ጋምቤላ፣ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ። አማርኛ በአለንጋ ነው የተማርኩት፤ አስተማሪያችን ጎጃሜ ነበር። አሁን ወታደር ነኝ። ይህን ራዲዮ ከየት እንዳመጣሁት አትጠይቂኝ።»

አማርኛ ማን ይሰማል ብለን ነበር እኮ። ጋት ራሱ የዚህ አገር ልጅ ሆኖ አማርኛ እየተናገረ፣ እሱን ያሳደገች አገር ሌላ ሰው አላሳደገችም ብለን ነበር። ጦርነት ሸሽቶ እኛ አገር ያደገው ሁሉ ተመልሶ የት እንደገባ አንዴ እንኳ አላሰብንም። ሰማያዊው በር፣ የቧንቧው ኮንቴይነር፤ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ሰውን በአፌ ገደልኩ አልኩ።

«ልጁም ይስማኝ» አለ። «ዛሬ እንዳይወጣ። ከእኔ ጋር ያሉት ልጆች ዛሬ ጥሩ አይደሉም። ወንድሞቻቸውን ቀብረዋል። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከመጋዘናችሁ ወደ ሰላም አስከባሪዎቹ በሚወስደው መንገድ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። መኪና ይዛችሁ ኑ። ኸዋጃዋ፣ ነጯ አለቃችሁ፣ ትንዳ። አንቺም ነይ፤ እኔ የማውቀው ድምፅሽን ነው።»

«ለምን እናምንዎታለን?»

«እኔ እንጃ» አለ። «እኔም በናንተ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።»

ድምፁ ጠፋ። ከዚያ ጋት ገባ፤ ባትሪው ማለቁን የሚያሳውቀው ጢጥ ጢጥ ከድምፁ ኋላ ይሰማል። «ሰሚ፣ ቢፈልገኝ ኖሮ ሰኞ ይመጣ ነበር።»

«ዛሬ ነው መስማት የጀመረው ይሆናላ።»

«ጥርሱን ያውቃል። ጥርሱ የሰኞ ነው። ነገ...» አለና ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ብጠራ ብጠራ የለም። ሰሌዳው ላይ ከጁልዬት ሰባት ፊት ለፊት ያለው ሳጥን ባዶውን ቀረ።

የሰማሁትን ሁሉ ለኦርላ ተረጎምኩላት። እሷ ቁጭ ብላ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። «ድምፁ ምን ዓይነት ነበር?» አለችኝ።

«የዝይዋን መጨረሻ የሚፈልግ ሰው ድምፅ» አልኳት።

ሐሙስ ጠዋት ወጣን። ኦርላ ትነዳለች፣ እኔ ከጎኗ። ስለ መንገዱ ብዙ አልናገርም። ዳር ላይ የተጋደሙ ሰዎች ነበሩ፤ ኦርላ «ወደ ፊት ብቻ እዪ» አለችኝ፤ እኔም ወደ ፊት ብቻ አየሁ። ጀበል ኩጁር ሥር ስንደርስ ሰማያዊው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የኮንቴይነሩ ብረት ላይ የጥይት ቀዳዳ አለ።

ሮጬ በሩን ደበደብኩ። «ጋት፣ እኔ ነኝ።» ምንም የለም። «ጋት፣ ሰሚራ ነኝ።» ምንም። ግንባሬን የጋለው ብረት ላይ አስደግፌ፣ ምን እንደነካኝ ሳላውቅ በእንግሊዝኛ እንደ ወትሮዬ «ጁልዬት ሰባት፣ ጁልዬት ቤዝ፣ ራዲዮ ቼክ» አልኩ።

ከውስጥ በጨርቅ የታፈነ የሚመስል ድምፅ «ላውድ ኤንድ ክሊር» አለ።

ቧንቧውን ከበሩ ሲያነሣ እኔ እያለቀስኩ እሰድበው ነበር። «ለምንድን ነው የማትመልሰው? አንተ ደነዝ!» ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኑ ብርሃን መቋቋም አቃተው። ኦርላ ውሃ በትንሽ በትንሹ አጠጣችው። ልንደብቀው አሰብን፤ ኦርላ «አይሆንም» አለች። «የተደበቀ ሰው ካገኙ አይጠይቁም። እንደ ሰው ይቀመጥ።» ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥነው፤ የኔን ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠመጠምኩለት።

ኬላው መንገድ ላይ የተወጠረ ገመድ ነው። ስድስት ወታደሮች አሉ። አብዛኞቹ ልጆች ናቸው፣ ዓይናቸው የቀላ። አንዱ ጠና ያለ ነው፤ ደረቱ ላይ የሌላ ቢሮ ምልክት የተለጠፈበት የእጅ ራዲዮ አንጠልጥሏል። ወደኔ መስኮት መጣ። «ሰላም ታኪ» አለኝ በጁባ ዐረብኛ።

«ሰላም» አልኩት፤ ቀጥዬ በአማርኛ «እንደምን አደሩ» ስለው ዓይኑ አንዴ ብልጭ አለ። ሌላ ነገር አላሳየም።

ከልጆቹ አንዱ የኋላውን በር ከፈተና ጋትን ትኩር ብሎ አየው። በራሱ ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቀው። ጋት አልመለሰም። ትልቁ ሰውዬ በዐረብኛ ሀበሾች ናቸው፣ ተዋቸው አለ። ልጁ አላመነም። ሀበሻ እንዲህ ይረዝማል? እንዲህ ይጠቁራል? ያውራ፣ አፉን ልስማው አለ። ጠብመንጃውን ከትከሻው አወረደ። በየቤቱ እየገቡ ሰውን ሲለዩ የነበረው በዚሁ ነው፤ በአነጋገር።

ትልቁ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ጭንቅላቱን በመስኮቴ አስገባ። ጋትን እያየ በአማርኛ «ስለ ዝይዋ ንገረኝ» አለው። «ከመጀመሪያው ጀምር። እንዳታቆም።»

«አንዲት ሴትዮ...» አለ ጋት፤ ድምፁ ተሰበረ። ጠብመንጃው ጠጋ አለ። «አንዲት ሴትዮ አለች፣ አየርላንድ ውስጥ። ለገና ዝይ ገዛች። አሁን ዝይ ገዝተሽ ጓሮ ካሰርሽ ዝም ብለሽ አትቀልቢም? ልጆቿ ስም አያወጡላትም መሰለሽ? ማርጋሬት። በቃ፣ ማርጋሬት ካልሻት በኋላ እንዴት አድርገሽ ነው የምታርጃት? ባልየው ቢላውን ስሎ፣ ሽርጡን አገልድሞ ሲወጣ፣ የለችማ! ገመዱ ብቻ...» የጉለሌ ልጅነቱ መጣ። እጁ መወናጨፍ ጀመረ፣ ትከሻው ተንቀሳቀሰ፣ አፉ ፈጠነ። ድልድዩን፣ ፌርማታውን፣ መቃብሩን፣ የሚያስለውን ሽማግሌ እያስመሰለ አመጣው። ሽማግሌው ራሱ መኪናው ውስጥ እየሳለ ቁጭ ያለ መሰለኝ። ልጁ ወታደር አፉን አፉን ያየዋል። አንድም ቃል አይገባውም፤ ግን እንዲህ የሚያወራ ሰው ከየት እንደመጣ ገባው። ትልቁ ሰውዬ መሐል ላይ የእውነቱን ሳቀ። ሌሎቹም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ፈገግ አሉ።

«ሀበሻ» አለ ልጁ፣ እንደ መሰልቸት ብሎ፤ በሩን ዘጋው። ገመዱ ወደቀ።

ትልቁ ሰውዬ ግን እጁን ከመስኮቴ አላነሣም። «ተገኘች?» አለኝ ቀስ ብሎ።

አዎ ብለው ደስ ባለው ነበር። አልቻልኩም። «አልሰማንም ጋሼ። ኢንተርኔቱ ተቋረጠ።»

ምላሱን ጠቅ አደረገ። «እኔ ሽማግሌውን ነው የምጠረጥረው» አለ። «ሦስት ቀን ሙሉ ሦስት ቦታ የሚያይ ሰው፣ አንድ ነገር እንዳይታይ የሚፈልግ ሰው ነው። ስትሰሚ ንገሪኝ።»

«እሺ» አልኩ። ኦርላ ነዳች። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ጋትን የሰላም አስከባሪዎቹ በር አስገብተን ተመለስን። እኔና ኦርላ ቅዳሜ በአውሮፕላን ወጣን። ጋት እዚያ ግቢ ውስጥ ድንኳን ሥር ወራት ተቀምጦ በመጨረሻ ጋምቤላ ገባ። ዛሬ አዲስ አበባ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉት፤ ትልቋን ማርጋሬት ሊላት ሲል ሚስቱ ናት ያዳነቻት።

በዓመቱ ወደ ጁባ ተመለስኩ፤ ያው ክፍል፣ ያው ሰሌዳ። አሁን ሾፌሮቹ «ሰሚ እንዴት አደርሽ» ሲሉኝ እመልሳለሁ፤ እንዴት እንዳደሩም እጠይቃለሁ። ለዚህም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶኛል። አጎቴ ሱቅ ደጃፍ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ለማይገዙ ሰዎች ነው። ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ያ ሰውዬ ያን ሳምንት ሌላ ምን እንዳደረገ አላውቅም። ያ ራዲዮ በማን እጅ ነበር፣ ባለቤቱስ የት ደረሰ፣ አላውቅም። ይህን እያሰብኩ የማልተኛባቸው ቀናት አሉ። ንጹሕ ነው ብዬ ልምልላችሁ አልችልም። እሺ ብዬ ቃል መግባቴን ግን አውቃለሁ።

ኦርላ ለዚያው የገና በዓል አገሯ ገብታ መጨረሻውን ሰማች፤ ጻፈችልኝ። ስለዚህ በተመለስኩበት ቀን ከአሥር ሰዓቱ ጥሪ በኋላ ቁልፉን ተጭኜ ለሰውዬው በአማርኛ ነገርኩት። ማንም አልመለሰም። በማግሥቱ ደገምኩት። አንድ ሳምንት ሙሉ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ተናገርኩ። ሰሰሰሰ ብቻ ነው የሚመልስልኝ።

እናንተ የምታነቡ ሰዎች፣ ይህን የጻፍኩት ለናንተ ብቻ አይደለም። አማርኛ ማን ይሰማል ብዬ አንዴ ተሳስቻለሁ፤ ማን ያነባል ብዬ ደግሞ አልሳሳትም። ኢታንግ ያደገ፣ በጎጃሜ አስተማሪ አለንጋ ፊደል የቆጠረ ሰው ካገኛችሁ ይህን አንብቡለት።

ጋሼ፣ ሰሚራ ነኝ። ዝይዋ ተገኝታለች፣ ደህና ናት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሽማግሌው የከሰል ማስቀመጫ ውስጥ ነበረች። እንዳትታረድ ደብቋት፣ ሌላ ቦታ አየኋት እያለ ይደውል የነበረው ፈላጊዎቹን ለማራቅ ነው። ልክ ነበሩ።